የወንዝ ዳሩ ትምህርት ቤትና ታላቁ አድማጭ

ከተማችን ስም አላት። ስሟን ብጠራ ግን ግማሹ ሰው «ስማችንን አጠፋች» ብሎ ይቀየመኛል፣ ግማሹ ደግሞ «የእኔን ስም ለምን ዘለለችው» ብሎ ይቀየመኛል። ስለዚህ ከተማችን ብዬ ልለፈው። እኔ ትርንጎ እባላለሁ፣ ሥራዬ ማዋለድ ነው። በከተማችን መንገድ ላይ ከሚሯሯጡት ልጆች አብዛኞቹን መጀመሪያ የተቀበሏቸው እነዚህ እጆቼ ናቸው። ራሴ ግን አልወለድኩም። የትምህርት ሸንጎ አባል ሆኜ የተመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአገራችን ሕግ፣ ተማሪ ልጅ ያለው ሰው ስለ ትምህርት ቤት ጉዳይ አይወስንም። ለልጁ ያደላል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሸንጎው የሚቆመው ነገሩ በማይነካቸው ሰዎች ነው። ከእኔ ጋር ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሊቀ ሸንጎው ጋሼ ይፍሩ ናቸው፤ ልጆቻቸው አድገው በየአገሩ የተበተኑባቸው ሽማግሌ። ሁለተኛው አቶ ጓንጉል ነው፤ የጨውና የቆርቆሮ ነጋዴ፣ ሳያገባ የቀረ።

ስብሰባ የምንቀመጠው ጀርባ ለጀርባ ነበር። ፊት ለፊት የተያየ ሰው ይተዛዘናል፣ የተዛዘነ ሰው ደግሞ መወሰን ያቅተዋል ተብሎ ድሮ የተደነገገ ነው። እኔ የማየው መስኮቱን፣ ጋሼ ይፍሩ የሚያዩት በሩን፣ አቶ ጓንጉል የሚያየው ግድግዳውን ነው። እጅ አውጡ ስንባል እናወጣለን፤ ማን እንዳወጣ የሚያየው አጋፋሪው ብቻ ነው። እሱም አይነግረንም። ምን እንደወሰንን የምንሰማው በማግስቱ ገበያ ላይ ሲለፈፍ ነበር።

ከተማችን ሁለት ትምህርት ቤቶች አሏት። አንዱ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ሁለተኛው ከታች፣ ፏፏቴው ሥር፣ ወንዝ ዳር ነው። ለሁለቱም መንግሥት በጀት የሚሰጠው በድምፅ ልክ ነው። በየዓመቱ አዝመራው ከገባ በኋላ ታላቁ አድማጭ የሚባሉ ሹም ከዋናው ከተማ ይመጡና ከሜዳው ማዶ፣ ዋርካው አጠገብ ይቆማሉ። ልጆቹ በየትምህርት ቤታቸው ደጃፍ ተሰልፈው የተማሩትን በአንድ ላይ ይጮኻሉ። አድማጩ ከሰሙ ቀይ ባንዲራ ያነሳሉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብለው እንደገና ያዳምጣሉ። ድምፁ በተጓዘው ርቀት ልክ ጠመኔውም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ የመምህራኑም ደመወዝ ይሰፈራል። ይኼ የትምህርት ጥራት መለኪያ ይባላል።

የአፋፉን ትምህርት ቤት ገደሉ ራሱ ያግዘዋል። ልጆቹ አንዴ ሲጮኹ ገደሉ ደጋግሞ ያስተጋባል። በጀቱ ሲመጣ ለጉሮሮ የሚሆን ማርና ዝንጅብል ይገዛበታል፣ የጩኸት መምህር ይቀጠርበታል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የባሰ ይሰማሉ። በዚያ ሰፈር እናቶች ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው ነው ወጥ የሚሠሩት። አንድ ቀን ከዚያ አንደኛ የወጣ ልጅ አቶ ጓንጉል ሱቅ ጨው ሊገዛ መጣ። «መልስህ ስንት ነው?» ቢለው የማባዛት ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ጮኸለት። መደርደሪያው ላይ የነበረ ብርጭቆ ተሰነጠቀ። መልሱ ስንት እንደሆነ ግን አላወቀም። አቶ ጓንጉል «ጎበዝ ልጅ» ብሎ ራሱን ደባበሰው። የምሩን ነው።

የወንዝ ዳሩ ልጆች የሸክላ ሠሪዎችና የዓሣ አጥማጆች ልጆች ናቸው። ፏፏቴው ቀን ከሌት ያጓራባቸዋል። ቢጮኹም ድምፃቸው ከወንዙ አይሻገርም። ስለዚህ በጀታቸው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ የሣር ክዳኑ ሲበሰብስ እንኳ የሚያድሰው ጠፋ። ዝናብ ሲጥል ልጆቹ ወደማያፈሰው ጥግ ተሰብስበው ይማሩ ነበር።

የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ዓመት አዲስ አዋጅ ተለፈፈ። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ያልተሰማ ትምህርት ቤት ይዘጋ፤ ወንበሩና ሰሌዳው ለሚሰማው ይሰጥ የሚል ነው። ወንዝ ዳሩ ሁለቱን ዓመት አልተሰማም ነበር። ይኼኛው ሦስተኛው ነው።

ወደ ወንዝ ዳር ወረድኩ። እዚያ የምታስተምረው መምህርት እንጉዳይ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ቀሚሷ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት። ክፍሉ ስገባ አንድም ድምፅ አልነበረም። የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ አንዱ የአንዱን መዳፍ ይዞ በጣቱ ይጽፍበታል። የተጻፈበት ልጅ ትንሽ ያስብና ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። አንዷ ልጅ በድንገት ፍርፍር ብላ ሳቀች።

«ምን እየሆኑ ነው?» አልኳት እንጉዳይን፣ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ።

«እንቆቅልሽ ነው። ከዘርፌ ነው የተማርነው እትዬ ትርንጎ» አለችኝ።

ዘርፌን አውቃታለሁ። ስትወለድ አላለቀሰችም። ዘቅዝቄ ጀርባዋን መታ መታ አድርጌያት፣ ትንፋሿ ሲመጣ እንኳ ድምፅ አልነበረውም፤ ዓይኗን ከፍታ ዝም ብላ አየችኝ። ያን ቀን ለእናቷ «ትኖራለች፣ ትናገር እንደሆነ ግን እግዜር ያውቃል» ብያት ነበር። ኖረች፣ አልተናገረችም። ትምህርት ቤት ስትገባ ከጓደኞቿ ጋር የምታወራው መዳፋቸው ላይ እየጻፈች ነበር። ለካ ፏፏቴው ሲያይል ለሌሎቹም ይኼው ይሻላቸዋል፤ ቀስ በቀስ ክፍሉ ሁሉ ለመደው።

«እንጉዳይ፣ ለዚህች ለአንዲት ቀን እንኳ ትንሽ አታስጮሂያቸውም?» አልኳት።

«ሞክሬያለሁ እኮ። ሳምንቱን ሙሉ ስንጮህ ሰነበትን። አርብ ዕለት ምን ተማራችሁ ብላቸው የሚያስታውስ ጠፋ። የተረፋቸው የቆሰለ ጉሮሮ ነው።»

«ቢዘጋስ?»

አንዱ ልጅ የጣለውን ጠመኔ አንስታ አቧራውን ጠረገችለት። «ቢዘጋ ጠንካሮቹ ገደሉን ወጥተው ይማራሉ። የቀሩት ይቀራሉ። ዘርፌ ብትወጣስ? እዚያ የሚፈልጉት የሚጮኽ ልጅ ነው» አለች።

በሳምንቱ ሸንጎው ተቀመጠና እንጉዳይ ተጠራች። የተጠራ ሰው ከሦስታችንም ፊት እንዲደርስ በወንበሮቻችን ዙሪያ እየዞረ ነው የሚናገረው። እንጉዳይ እየዞረች ስለ ልጆቿ ተናገረች። እኔ ጋ ስትደርስ ግማሹን እሰማለሁ፣ ስታልፍ የቀረው ወደ ጋሼ ይፍሩ ይሄዳል።

አቶ ጓንጉል ከግድግዳው ጋር እንደሚያወራ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «መፍትሔ አለኝ። ከአፋፉ ትምህርት ቤት ጥቂት ልጆች እንዋሳለን። ቁጥቋጦው ውስጥ ተደብቀው ይጮኹላቸዋል። ማን ያያል?»

«ልጆቼ ያያሉ» አለች እንጉዳይ። በዚያን ጊዜ እኔ ፊት ነበረች። ላብ በግንባሯ ወርዷል፤ ዙሩ አድክሟታል።

ወንበሬን አነሳሁና አዞርኩት። ድፍረት አልነበረም፤ ስትዞር ማየቱ አንጀቴን ስለበላኝ ነው።

«ምን ተንኳኳ?» አሉ ጋሼ ይፍሩ።

«ወንበሬን አዙሬ ነው ጋሼ።»

«ትርንጎ፣ ወደ መስኮቱ ተመለሺ። ሕግ አለ።»

«ትንሽ ልያችሁ ብዬ ነው።»

ከዚያ የእሳቸው ወንበር መሬቱን እየፋቀ ዞረ። ያን ያህል ዓመት አብረን ስንወስን ኖረን በሸንጎ ፊታቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ለካ እንዲህ ሸብተሻል» አሉኝ። አቶ ጓንጉል መጨረሻ ላይ ዞረ፤ ምን እንደሚደረግ ግራ ገብቶት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ተቀመጠ። እንጉዳይም መዞሯን ትታ መሀል ቆመች።

ያን ቀን ትምህርት ቤቱን የሚያድን ነገር አላገኘንም። አዋጁ ከበላይ የመጣ ነው፣ ልንሽረው አንችልም። ጋሼ ይፍሩ ያሉት ግን ይኼን ነው፦ «አናጭበረብርም። ከተዘጋም አጋፋሪ ልከን አናዘጋም። ሦስታችን እንሄዳለን፣ ልጆቹን ፊት ለፊት እያየን እንዘጋዋለን።» ሁላችንም ተስማማን። አጋፋሪው እጅ አውጡ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘም።

የማዳመጫው ቀን ደረሰ። ታላቁ አድማጭ አቶ መንክር ይባላሉ፤ ረጅም፣ ጥቁር ካባ የለበሱ፣ የማይስቁ ሰው። እንግዳውን ማስተናገድ የእኔ ተራ ስለነበር ውኃ ይዤ ከኋላቸው ቆምኩ። «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አልኳቸው። ዞር እንኳ አላሉም። ሹም አይደሉ፣ ኮርተው ነው ብዬ ዝም አልኩ።

መጀመሪያ የአፋፉ ልጆች ጮኹ። ምድር ተናወጠች። ዋርካው ላይ ያረፉት እርግቦች ግር ብለው ተነሡ፣ አድማጩም ባንዲራቸውን አነሱ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ራቅ ብለው ቆሙ፤ ልጆቹ ጮኹ፣ እርግቦቹ ተነሡ፣ ባንዲራው ተነሣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቆሙ ልጆቹ ገና ውኃ እየጠጡ ነበር። ከየት መጣ ሳይባል አንድ ጭልፊት ዋርካው ላይ ተወረወረ። እርግቦቹ ተበተኑ። አድማጩ ባንዲራቸውን አነሱ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ የጩኸት መምህሩም እጅ ነሣ።

እኔ ግን የያዝኩት ውኃ እጄ ላይ ፈሰሰ። ከኋላቸው ሆኜ እንደገና «ጌታዬ» አልኩ። አሁንም አልዞሩም። ዓይናቸው ከዋርካው አይነቀልም ነበር።

ተራው የወንዝ ዳሩ ሆነ። ልጆቹ ተሰልፈው አፋቸውን ከፈቱ። ከማዶ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታየናል፣ የሚሰማን ፏፏቴው ነው። ዘርፌም ከፊት መስመር ቆማ እኩል አፏን ትከፍታለች። እርግቦቹ ተመልሰው ዋርካው ላይ በሰላም ተቀምጠዋል። አድማጩ ባንዲራውን ጨብጠው ይጠብቃሉ። ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አነሳሁ። አንድ ውርወራ ነበር የሚበቃው። ዞር ብል አቶ ጓንጉልም ሳይገባው አይቀርም፣ በካፖርቱ እጅጌ ሥር ድንጋይ ይዟል። ተያይተን ሁለታችንም አፈርን።

በዚህ መካከል እንጉዳይ ወንዙን በድንጋይ መረማመጃው ተሻግራ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ መጣች። አድማጩን ለመለመን ነበር አመጣጧ። ይዤ አስቀረኋትና «ሰውዬው አይሰሙም። እርግቦቹን እያዩ ነው» አልኳት።

አየቻቸው። ቀጥላ የያዝኩትን ድንጋይ አየች።

«ይጣሉት እትዬ። ለካ እሳቸውም ችግር ላይ ናቸው» አለችኝ።

ጣልኩት። የአቶ ጓንጉልም ሲወድቅ ሰማሁ። እንጉዳይ ዞራ አድማጩ ሊያዩዋት በሚችሉበት በኩል ቆመች፤ እጅ ነሣችና በእጇ ወደ ትምህርት ቤቱ አመለከተች፣ የመብላት ምልክትም አሳየች። አቶ መንክር ግራ ቀኙን አዩ። ማዳመጡ ከሩቅ ከሆነ ወዲህ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም፤ ለሥራው አያስፈልግም ነበር። ድካሙ ይሁን ረሀቡ አላውቅም፣ ተከተሏት። እኔም ጋሼ ይፍሩም አቶ ጓንጉልም ተከተልን።

ልጆቹ ከምሳቸው አዋጥተው የተቀቀለ ድንችና የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡላቸው። ዝቅ ያለችው የልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ አጎንብሰው በሉ። ሲጨርሱ ዘርፌ ተነሥታ አጠገባቸው ሄደች። ማንም አላዘዛትም። እጃቸውን ወስዳ መዳፋቸውን ዘረጋችና በጣቷ ጻፈች። ሰውየው እጃቸውን ሊነጥቁ ፈልገው ነበር፤ ከዚያ ተዉት።

«ደ» አሉ፣ የማይሰማ ሰው እንደሚናገረው ከፍ ባለ ድምፅ። «ከ... መ... ዎ... ት።»

አቶ መንክር መዳፋቸውን አዩት፣ የተጻፈበት ነገር የሚታይ ይመስል። ከዚያ «አዎ ልጄ፣ ደክሞኛል» አሉና ካባቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየን። ጋሼ ይፍሩ እያለቀሰ ያለን ሰው አለማየት ጨዋነት ነው ብለው ወደ በሩ ዞሩ፤ እኛም ዞርን። ልጆቹ ግን አልዞሩም። አንዱ ተነሥቶ ውኃ ቀዳላቸው።

ቆይተው ታሪካቸውን ነገሩን። ወጣት ሳሉ አድማጭ የሚባለው ሹም ከልጁ ጎን ተቀምጦ ነበር የሚያዳምጠው። ሲሳሳት ያርመዋል፣ ሲገባው ያመሰግነዋል። እያደር ጆሯቸው ሲደክም «ከፍ አድርገህ ተናገር» ማለት ጀመሩ። ለማንም አልነገሩም፤ ሥራዬን አጣለሁ ብለው ፈሩ። አለቆቻቸው ግን ነገሩን ታላቅ የትምህርት ዘዴ አደረጉት። ከፍ ያለ ድምፅ የእውቀት ምልክት ነው ተባለና አዋጅ ወጣ። ከቅርብ ከተሰማ ከሩቅ መሰማቱ ይበልጣል ተባለና ዋርካው ተመረጠ። «ሲሾሙኝ፣ ሲሸልሙኝ ኖሩ። አልሰማም ብዬ መናገር እየከበደኝ ሄደ» አሉ።

ያን ከሰዓት በልጆቹ መካከል ዋሉ። ልጆቹ እየተራ መዳፋቸውን ይይዛሉ። አንዱ የሂሳብ ጥያቄ ጻፈላቸው፤ መልሱን ሲያስቡ ቆዩና ተሳሳቱ፣ እሱም በትዕግሥት አረማቸው። ሌላዋ ሸክላ ለምን ከጥላ ሥር እንደሚደርቅ አስረዳቻቸው። አንድ ትንሽ ልጅ ስሙን ብቻ ጻፈና በኩራት ቆመ። እንቆቅልሹም መጣ፤ አላወቁትምና አገር ሰጡ፣ መልሱን ሲጽፉላቸው በጣም ሳቁ። እኝህ ሰው ሲስቁ ጥርሳቸው እንዲህ ያምራል ብሎ ማን ያስባል።

ወደ ማታ ሲወጡ ሕዝቡ ማዶ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ባንዲራቸውን አነሱና «የወንዝ ዳሩ ትምህርት ቤት ተሰምቷል» አሉ። አጋፋሪው «እስከ የት ድረስ ጌታዬ?» ብሎ በምልክት ጠየቃቸው። ትንሽ አሰቡ። «በዚህ አገር ከዚህ ይበልጥ የሰማሁት የለም ብለህ ጻፍ» አሉት። የዚያ ዓመት ሙሉ በጀት ለወንዝ ዳሩ ተሰፈረ። ቆርቆሮ ገዛንበት። አቶ ጓንጉል በዋጋው ሸጠልን፣ ምስማሩን በነፃ ጨመረ፤ ይኼን ያደረገው በሕይወቱ አንዴ ነው።

አቶ መንክር ዋናው ከተማ ተመልሰው ለአለቆቻቸው እውነቱን ተናገሩ። አለቆቹ አላመኑም። የማይሰማ ሰው ይኼን ሁሉ ዘመን አድማጭ ሊሆን አይችልም ብለው መረመሯቸው። በመጨረሻም ከሥራ ያሰናበቷቸው ስለማይሰሙ ሳይሆን አልሰማም በማለታቸው ነው ተባለ። በምትካቸው ታላቁ ዳሳሽ የሚባል ሹም ተሾመ። በጀት አሁን የሚሰፈረው በልጆች መዳፍ ልስላሴ ነው። የአፋፉ ትምህርት ቤት ማሩን ትቶ ቅቤ መግዛት ጀመረ፤ ልጆቹ እጃቸው እንዳይሻክር ጠመኔ አይነኩም። የወንዝ ዳር ልጆች ጭቃ እያቦኩ ያደጉ ስለሆኑ ዘንድሮ ብዙ አላገኙም። ትምህርት ቤቱ ግን አልተዘጋም። እኛም ጀርባ ለጀርባ መቀመጡን ተውን፤ ስብሰባው ረዘመ፣ ጭቅጭቁም በዛ፣ ግን ምን እንደወሰንን እዚያው እናውቃለን።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አቶ መንክር አንዲት ሻንጣ ይዘው መጡ። እንጉዳይ ለልጆቹ ታሪክ እንዲያነቡላቸው ለመነቻቸው። እምቢ አላሉም።

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የጣለ ዕለት እኔም እዚያ ነበርኩ። አንዷ ልጅ አሟት ልጠይቃት ወርጄ። አቶ መንክር መጽሐፋቸውን ይዘው ያነባሉ። ዝናቡ አዲሱን ቆርቆሮ ሲመታው ጆሮ የሚበጥስ ሆነ፤ ፏፏቴው ራሱ ጠፋ። የአቶ መንክር አፍ ሲንቀሳቀስ ይታየናል እንጂ አንዲት ቃል አይሰማም። እሳቸው ይኼን አላወቁም። ገጽ ይገልጣሉ፣ ድምፅ ዝቅ የሚልበት ቦታ ሲደርሱ ጎንበስ ይላሉ፣ የታሪኩ ንጉሥ ሲቆጣ ይቆጣሉ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንጉዳይን አየኋት፤ ልትነሣ ብላ ነበር፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ልጆቹ ሁሉ ቀና ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከሰውየው ፊት ሳይነቅሉ ተቀመጡ። እሳቸው ፈገግ ሲሉ ፈገግ ይላሉ። ታሪኩ አልቆ መጽሐፉን እስኪዘጉ ድረስ አንድም ልጅ አልተንቀሳቀሰም።